ምስማርና በርሜል

ምስማርና በርሜል ከአንድ እናት መወለዳቸውን ቶሎ የሚያምን እንግዳ አልነበረም። ታላቅየው ምስማር ረጅምና ሸንቃጣ ሲሆን አንዱን ሲጋራ በሌላው እየለኮሰ ይውላል፤ ታናሽየው በርሜል ድብልብልና ሳቂታ፣ ሲጋራ ከንፈሩን ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው። ሁለቱም በአንድ የብየዳ ቤት በርና መስኮት ይሠራሉ፤ ቅጽል ስሙንም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። አሁን ግን ሁለቱም ከጤና ጣቢያ በተቀበሉት የደም ምርመራ ውጤት ሰበብ አፍንጫ ለአፍንጫ ተፋጠዋል።

ከትምህርት ቤት የተመለሰችው የምስማር ልጅ በሩ ላይ ቆመች። ቦርሳዋ ውስጥ ከአባቷ ፓኮ የሰረቀቻቸው ሁለት ሲጋራዎች ነበሩ። የክፍል ጓደኞቿ «ድንቡሼ» እያሉ ይስቁባታል። አባቷ ደግሞ ዘወትር «እኔን ያሸነቀጠኝ ሲጋራ ነው» ይላል። እርሱን በማመን ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ፣ ጭሱ እየተናነቃት፣ መማግ ከጀመረች ሰንብታለች።

«የምርመራው ውጤት ያንተ ነው! የስኳር በሽታ ያለብህ አንተ ነህ!» ይላል በርሜል።

«ተቀያይሯል! በርሜሉ አንተ፣ ስኳሩ የኔ? ቀልደኛ!»

«ነርሷ ስታስረዳህ ጆሮህ የት ነበር? የስንት ዘመን ጭስ ሰውነትህ ስኳሩን በወጉ እንዳይጠቀምበት አድርጎታል። ስቡም ሆድ ዕቃህን ከቦ ተደብቋል። ቅጥነትህ አያድንህም፣ ወንድሜ!»

ይህን ብሎ ሲጋራውን ከወንድሙ ከንፈር መንጭቆ በጫማው ጨፈለቀው።

የምስማር ቡጢ የበርሜል አፍንጫ ላይ አረፈ። ደም በሸሚዙ ላይ ወረደ። በርሜል ወንድሙን በአንገትጌው አንቆ ከተደረደሩት የመስኮት ፍሬሞች ጋር አላተመው፤ ፍሬሞቹም ተንኮታኮቱ። ምስማር ከመሬት የብረት ዘንግ አንሥቶ ሰነዘረ። የመጀመሪያው ምት የወንድሙን ትከሻ አገኘ፤ ሁለተኛው ስቶ ጠረጴዛውን ሲመታ፣ ገና ከብየዳ የወጣ ፍም የመሰለ ቁራጭ ብረት ተስፈንጥሮ በምስማር በራሱ ሸራ ጫማ ላይ ወደቀ።

ጨርቁ ጨሰ። ከዚያ የሥጋ ሽታ መጣ። ምስማር ግን ዘንጉን እንደገና አነሣ።

«አባዬ፣ እግርህ!»

«ዞር በይ አንቺ!»

«እየተቃጠለ ነው! እግርህ እየተቃጠለ ነው!»

ቁልቁል ተመለከተ፤ የሌላ ሰው እግር የሚያይ ይመስል ነበር። ዘንጉ ከእጁ ወደቀ። አፍንጫው የሚደማው በርሜል የውኃ ባልዲውን አንሥቶ በወንድሙ እግር ላይ ደፋው።

ማምሻውን ወንድማማቾቹ፣ ልጅቷና እናቷ በምስማር ቤት ሳሎን ተቀመጡ። የአባትየው እግር ተጠቅልሎ በርጩማ ላይ ተሰቅሏል።

«እውነት አላመመህም?» አለች እናት።

«ምንም። ስኳሩ የእግሬን ስሜት ገድሎታል አሉ ሐኪሞቹ።»

«አይዞህ፣ የኔ አፍንጫ ያንተንም ድርሻ እየጠዘጠዘ ነው» አለ አጎትየው፣ በጥጥ በተወተፈ አፍንጫው።

እናት ሳቋ አመለጣት። የአባትየው እጅ ግን ሳያስበው ወደ ኪሱ፣ ወደ ፓኮው ሄደ። ሳቁ ተቋረጠ።

ልጅቷ ተነሣች። ሁለቱን የተጣመሙ ሲጋራዎች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻቸው።

«ያንተ ናቸው፣ አባዬ። እንዳንተ ልሸነቅጥ ብዬ ነው የወሰድኳቸው። ከእነዚህ በፊትም ሌሎች ነበሩ።»

«ምን አልሽ?» እናት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። የአባትየው እጅ ኪሱ ውስጥ እንዳለ ቀረ።

ልጅቷ ሲጋራዎቹን ወደ አባቷ ገፋቻቸው።

«ሁላችሁም ስሙኝ። ከዛሬ ወዲያ አላጨስም። ጓደኞቼ ከፈለጉ ድንቡሼ ይበሉኝ።»