«ቢጠፋስ?» ያለችው ልጅ

«የውጤቱ ቅጂ አለ አልኩሽ እኮ። ስንቴ ትጠይቂኛለሽ?» አለ ባዩ፣ በኮምፒውተር ክፍሉ ወንበር ላይ እየተሽከረከረ።

ሂክማ ሰምታዋለች፤ ልቧ ግን ከትናንት ጀምሮ አልረጋ ብሏታል። የተማሪው ሁሉ ውጤት የተቀመጠበት ትልቁ ኮምፒውተር ሶፍትዌሩ አርጅቷል፤ ትምህርት ሲዘጋ አዲስ የማከማቻ ሶፍትዌር ተጭኖበት ውጤቱ ሁሉ ወደዚያ ሊዛወር ነው። ሥራውን የሚያቅድ ቡድን እንድታሰባስብ መምህር ይሻው ያዘዙት እሷን ነው። አራት ሰው፣ ያውም የሚችል ሰው ብለዋታል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች የአራት ዓመት ልፋት እዚያው ውስጥ ነው፤ ታላቅ ወንድሟ ኢልያስም አንዱ ነው።

እሷ ራሷ አለች። ገመዱንና መስመሩን የሚያውቀው ባዩ አለ። ሲጽፍ ጣቶቹ ከዓይን የሚፈጥኑት የሱፍም አለ። የቀረውን ቦታ ለልብ ጓደኛዋ ለሰላማዊት ቃል ገብታለች። ሰላማዊት ኮምፒውተር ከማብራት አልፋ እምብዛም አታውቅም፤ ግን ሳቂታ ናት፣ እሷ ካለች ሥራ አይከብድም። ሰላማዊትም መመረጧን ለእናቷ ሳይቀር ነግራለች።

ትናንት በስብሰባው ላይ ከኋላ የተቀመጠችው ሠናይት እጇን አውጥታ፣ «ስናዛውረው ቢጠፋስ?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ባዩ ክፉ አታናግሪን አላት። የሱፍ ደግሞ ገና ሳይጀመር የምታሟርት ሰው ከገባችበት ሥራው አይባረክም ብሎ ማለ። ሠናይት ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። ሂክማም አብራ ስቃ ነበር።

«መኖሩንማ ሰማሁ» አለች አሁን። «ከፍተህ አይተኸዋል ወይ?»

ወንበሩ ቆመ። «ምን ሊሆን እከፍተዋለሁ? ቅጂ ቅጂ ነው።»

«እስኪ ክፈተው።»

«አቦ አንቺ ደግሞ፣ የሠናይት ጋኔን ያዘሽ እንዴ?»

እያጉረመረመ ከፈተው። የየክፍሉ ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል። የኢልያስን ክፍል ነካ፤ ውስጡ ባዶ ነው። ቀጥሎ ያለውን ነካ፤ እሱም ባዶ። ባዩ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገ። ማርያምን፣ ያለ መስሎኝ ነው አለ ቀስ ብሎ።

ትልቁ ኮምፒውተር ገና ስላልተነካ የጠፋ ነገር የለም። ሂክማ ግን ባዶውን ቅጂ እያየች የአራተኛውን ቦታ ነገር አሰበች። ሰላማዊት በቡድኑ ውስጥ ብትሆን ኖሮ፣ ከነሱ ጋር ትስቅ ነበር እንጂ ክፈቱት አትልም ነበር።

ሠናይትን ከግቢው ቧንቧ አጠገብ አገኘቻት። ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ስለ ባዶው ቅጂ ነገረቻት፣ ግቢልን ብላም ለመነቻት። ሠናይት እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ሟርተኛ ምን ይሠራላችኋል?»

«‹ቢበላሽስ› የሚል ሰው የለንም።»

«ቦታው የሰላማዊት አይደል እንዴ? ነግረሻታል?»

አልነገረቻትም።

ሰላማዊት በትልቁ በር ላይ ቆማ፣ ለሁለት የተገዛ ቆሎ በወረቀት ይዛ እየጠበቀቻት ነበር። ከሩቅ አይታት እጇን አወዛወዘች። በጓሮው በኩል ያለችው ትንሿ በር ወደ ገበያው ታወጣለች፤ ነገሩን ማታ በስልክ ጽፎ መላክም ይቻላል። ሂክማ ነፋሱ የገፈፈውን ሻርፗን አስተካከለችና ወደ ትልቁ በር አመራች።

«ሰሊ» አለች፣ ገና ሳትደርስባት፣ «ቆሎውን ከመብላታችን በፊት ስለ ቡድኑ የምነግርሽ ነገር አለ።»