ነገ ኬክ አመጣለሁ

የኮምፒውተር ኮድ የያዘው ፍላሽ ከብስክሌቷ ኮርቻ ሥር ተለጥፏል።

ግሬተ ብስክሌቷን ከኮሌጁ ደጃፍ ማቆሚያው ላይ አስጠግታ ቆለፈች። አንገቷን አላዞረችም። ከጎኗ አንድ ሸበቶ ሰውዬ ጎማ ለመንፋት አጎንብሷል። እጁ ወደ ኮርቻዋ ሥር ሄዶ ተመለሰ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሚቀባበሉት እንዲህ ነው፤ ቃል አይለዋወጡም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም።

ዛሬ ግን ሰውዬው አልሄደም።

«ድንቢጥ።»

ክው አለች። በዚህ የምስጢር ስም የሚጠራት ፓለ ብቻ ነው፤ ከስለላ መሥሪያ ቤቱ የሚያሰማራት አለቃዋ። በአደባባይ ግን ጠርቷት አያውቅም።

«ኮዱ ላይ ያገኘሽው ስም የማን ነው?» አላት፣ ጎማውን እየነፋ።

«የቲልደ። ግን...»

«ግን የለውም። ዓርብ እንይዛታለን።»

«ዓርብ እኮ የመመረቂያ ፈተናዋ ነው።»

«ስትወጣ እንይዛታለን። ያን ያህል ጨካኞች አይደለንም።»

ጎማውን ነፍቶ ሳይጨርስ ብስክሌቱ ላይ ወጥቶ ሄደ። ግሬተ እጇ ቁልፉ ላይ እንዳለ ቀረች። ቲልደ ያን ኮድ እንዳልጻፈች እርግጠኛ ናት። ማስረጃሽ ምንድን ነው ቢሏት ግን የምትለው የላትም።

መሥሪያ ቤቱ ኦርሁስ ከተማ ያስገባት የሌሊት ተረኝነት የሰለቻት የቀድሞ ነርስ አስመስሎ ነው። በዚህ አገር ሰው በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሙያ ቀይሮ ተማሪ ቢሆን ማንም ዞር ብሎ አያየውም። የቢዝነስ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂና የሶፍትዌር ልማት ከፍተኛ ዲፕሎማ፤ ሽፋኗ ይኸው ነበር። የድርጅት አሠራር መተንተን፣ ዳታቤዝ መንደፍ፣ ደንበኛው ራሱ በቅጡ ያላወቀውን ፍላጎቱን ከአፉ ማውጣት፣ ከዚያ በቡድን ተቀምጦ ኮድ መጻፍ። ከሰው አፍ ማውጣቱን ከክፍሉ ሁሉ ቀድማ ቻለችበት፤ ድሮም እንጀራዋ ነው። ማንም ያልጠበቀው ግን ትምህርቱን መውደዷ ነው። አልሠራ ብሎ ሲያንገበግባት የሰነበተ ፕሮግራም ድንገት የሠራላት ቀን፣ ኩሽናዋ ውስጥ ብቻዋን ቆማ አጨብጭባለች። ዲፕሎማውን የምር ፈልጋዋለች፤ በሐሰት ስምም ቢሆን።

በመጨረሻው ሴሚስተር ተማሪዎች ድርጅት ገብተው ይሠራሉ። ግሬተና የቡድን ጓደኛዋ ቲልደ ወደቡ ዳር ያለው ኦስትካይ ደረሳቸው። ቲልደን ዕጣ ነው ያደረሳት፤ ግሬተን ፓለ ነው። ኦስትካይ ለወደቦች ሶፍትዌር ይሠራል። የትኛው መርከብ የት ይቁም፣ የትኛው ኮንቴይነር ይፈተሽ የሚለውን የሚመድበው ያ ሶፍትዌር ነው። አንድ ሰው እዚያ ውስጥ ስውር በር ከፍቷል። በዚያ በር የገባ ሰው አንድን መርከብ ከፍተሻ ማስወጣት ይችላል። ሁለት መርከቦች አልፈዋል። ምን ጭነው እንደነበር ፓለ አልነገራትም፤ ስትጠይቀው ግን ፊቱ ይለዋወጣል።

በሩን ያገኘችው ግሬተ ናት። በአንድ ጊዜ አልተሠራም፤ በሦስት ጊዜ ነው የተጨመረው፤ ሦስተኛው ፍላሹን ባስረከበችበት ዕለት ጠዋት። እያንዳንዱ የኮድ ለውጥ የሠራውን ሰው ስም ይይዛል። ሦስቱም «ቲልደ» ይላሉ።

በማግስቱ ቲልደ ትልቅ ሳህን በሁለት እጇ ተሸክማ፣ የቢሮውን በር በጀርባዋ ገፍታ ገባች። ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልጇን ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ሳቋ ሌላ ፎቅ ድረስ ይሰማል።

«ብሉ እንግዲህ፣ እናንተ ሆዳሞች» አለች። «በዚህ ሴሚስተር ሦስተኛዬ ነው። ፈተናውን ከወደቅሁ ኬክ ቤት እከፍታለሁ።»

ልማዱ በየቢሮው ያለ ነው። ኮምፒውተሩን ሳይቆልፍ ከወንበሩ የተነሣ ሰው ጉዱ ፈላ። አጠገቡ ያለው ዘሎ ይቀመጥና በባለቤቱ ስም ለሠራተኛው ሁሉ «ነገ ኬክ አመጣለሁ» ብሎ ይልክለታል። ማንም ይጻፈው ማን፣ የተጻፈ ተጽፏል፤ ኬኩ ይመጣል። ቲልደ ደግሞ ዝንጉ ናት። ግሬተ በሁለት ዓመት አንዴም ሳትቆልፍ ተነሥታ አታውቅም፤ በሙያዋ ያደገባት ጠባይ ነው።

«ሲስተር እኮ በኬክ አትታማም» አለች ቲልደ ሁሉም እንዲሰማ። ግሬተን ሲስተር ነው የምትላት፣ በነርስነቷ። ከዚያ ጠጋ ብላ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ልጄን ሊቭን ጆሮዋን ደግሞ ጀመራት። ስታለቅስ ነው ያደረችው። ምን ባደርግላት ይሻላል?»

«ትኩሳቷን ለኪና ከምሳ በኋላ እነግርሻለሁ» አለች ግሬተ። መልሷ ሁልጊዜ ይኸው ነው፤ ከምሳ በኋላ።

የመጀመሪያውን ቁራሽ ያነሣው ፍሌሚንግ ነው። የፕሮጀክቱ ኃላፊ፣ ቦርጫም፣ ተጫዋች፣ የሁሉ ወዳጅ። ተማሪ ሲዘናጋለት የእሱ ሆድ እንደሚደላው ተናግሮ ሰዉን አሳቀ። የቲልደን የኬክ መልእክት ሁልጊዜ የሚጽፈው እሱ ነው።

ግሬተ ሹካዋን አስቀመጠች።

ሦስት ኬክ። ሦስት ለውጥ።

መጀመሪያ የቀረፋ ጥቅሉ፣ ቀጥሎ የፖሙ፣ አሁን ይሄ። በሦስቱም ዋዜማ ኮዱ ተነክቷል። በሦስቱም ዋዜማ ቲልደ ወንበሯ ላይ አልነበረችም፤ ፍሌሚንግ ነበር። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ሰው ሁሉ እየሳቀለት።

ሳህኗን ገፋ አደረገችው።

ሮብ ዕለት ፓለን ከተማውን በሚዞረው ባቡር ውስጥ አገኘችው። ጎን ለጎን እንደተቀመጡ ሁለት መንገደኞች ወደ መስኮቱ እያዩ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገረችው። እግሯ አላርፍ ብሎ ወለሉን ይመታል።

«እናውቃለን» አለ ስትጨርስ።

«ምን?»

«ፍሌሚንግ ካለፈው ወር ጀምሮ የኛ ነው። ይዘነው ለኛ እንዲሠራ አደረግነው። በሩን የገዙትን ሰዎች የሚያሳየን እሱ ነው፣ ስለዚህ ተከፍቶ ይቆያል። እነሱ እንዳይጠረጥሩት ግን አንድ ሰው መታሰር አለበት።»

«ታዲያ ሰኞ ስሙን ለምን ጠየቅኸኝ?»

«አንቺ ካመንሽ ዳኛም ያምናል ብዬ ነው።»

ባቡሩ ቆመ። ሰዎች ወረዱ፣ ሰዎች ገቡ።

«ልጅ አላት፣ ፓለ።»

«አውቃለሁ። ፍሌሚንግ ማን እንደሆንሽ አያውቅም፣ አይዞሽ። ዓርብ ፈተናሽን ተፈተኚ፣ ከዚያ እናወጣሻለን። ዲፕሎማውን ወደሽው የለ?»

ያቃጠላት ይሄ የመጨረሻው ነው። በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደች።

በቀጥታ ቢሮ ገባች። ከመመረቂያ ፕሮጀክታቸው አንዱ ክፍል የሶፍትዌሩን አሮጌ ኮድ ማጽዳት ነው። አጸዳችው። በሩን ከነመቃኑ ነቀለችው፣ በራሷ ስም። አዲሱ ሶፍትዌር ሐሙስ ከሰዓት ወደየወደቡ ይላካል። ፍሌሚንግ ከዚያ በፊት በሩን መልሶ መክፈት አለበት፤ በራሱ ስም ደግሞ አይደፍርም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሠራተኛው በሙሉ ትልቁ አዳራሽ ተሰበሰበ፤ ተማሪዎቹ ከፈተናው በፊት ሥራቸውን የሚያሳዩበት ሰዓት ነው። ግሬተ ቲልደን ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ቀድመሽ ግቢ ብላታለች። የራሷን ኮምፒውተር ስክሪን ያለ ገመድ ከአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ጋር አገናኘችው። ስክሪን መጋራቱን የሚያሳየውን ትንሽ ምልክት እንዴት መደበቅ እንደሚቻል በሁለተኛው ሴሚስተር ተምራለች።

ቢሮው ውስጥ የቀሩት እሷና ፍሌሚንግ ብቻ ናቸው። ፍሌሚንግ ፊቱ ወዝቷል። ጠዋቱን ሙሉ ያልተቆለፈ ኮምፒውተር ፍለጋ ከወንበር ወንበር ሲዞር ነው ያረፈደው።

«አትመጣም?» አለችው።

«ሂጂ፣ እከተልሻለሁ።»

ብርጭቆዋን ይዛ ተነሣች።

አልቆለፈችም።

ኮሪደሩ ረዘመባት። ጣቶቿ ተመልሰሽ ቆልፊው ይሏታል። ውኃ ቀዳች፣ ግማሹን አፈሰሰችው። አዳራሹ በር ላይ ስትደርስ ሠላሳ የሚሆን ሰው ተቀምጦ ያወራል። ቲልደ ፊት ለፊት ቆማ ታፏጫለች፤ ሲጨንቃት እንዲህ ናት።

ትልቁ ስክሪን ላይ የግሬተ ኮምፒውተር ገጽ ይታያል። ባዶ። ጸጥ ያለ።

የማውሷ ቀስት ተንቀሳቀሰች።

የቢሮው መልእክት መላኪያ ተከፈተ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወጡ፤ ነገ ኬክ አመጣለሁ፣ ግሬተ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የብዙ ሰው ስልክ ባንዴ ጮኸ። ቲልደ ከደስታዋ ብዛት ዘለለች።

«ሲስተር! በስተርጅና ተያዝሽ!»

ከዚያ ሌላ መስኮት ተከፈተ።

ከፍላሽ ላይ ፋይል ተነሣ። የመርከብ ፍተሻው ኮድ ወጣ። የተነቀለው በር ቦታው ላይ ተመለሰ፤ መስመር በመስመር፣ በግሬተ ስም። ሳቁ ከፊት ወንበር ጀምሮ እየጠፋ ሄደ። ሰዎቹ ባለሙያ ናቸው፤ የሚያዩት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግራቸው አላስፈለገም። ሥራ አስኪያጇ ኡላ ቀስ ብላ ብድግ አለች።

«ግሬተ እዚህ ናት» አለች። «እዚያ የተቀመጠው ማነው?»

ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተከፍቶ ፍሌሚንግ እየሳቀ ገባ። ፍላሹን ወደ ኪሱ እየከተተ ነበር።

«ሰማችሁ አይደል፣ በመጨረሻ ግሬተ...»

ሰዉን አየ። ከዚያ ስክሪኑን።

ኡላ ፖሊስ ስትጠራ ግሬተ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ነበር። መደበኛ ፖሊስ ነው የመጣው፤ መሥሪያ ቤቱ ነገሩን ማፈን ሳይችል። ስልኳ ጠራ።

«የሁለት ዓመት ሥራ ገደል ከተትሽ» አለ ፓለ።

«ቲልደስ?»

«ሠላሳ ሰው ካየ በኋላ ማን ይነካታል።»

«እንግዲያው ጨርሰናል።»

«አንቺም ጨርሰሻል። እስከ ማታ ግሬተ የምትባል ሰው እንዳትኖር።»

ስልኩን ስትዘጋ ቲልደ ከኋላዋ ቆማለች። ዛሬ ሳቅ የለም።

«ስክሪኑን ሆን ብለሽ ነው ያገናኘሽው» አለች። «አንቺ ደግሞ ሳትቆልፊ አትነሺም። ማነሽ?»

«ልነግርሽ አልችልም።»

«ነርስ ነበርሽ?»

ግሬተ መዋሸት ትችል ነበር። ከዚህ የባሰ ብዙ ዋሽታለች።

«አልነበርኩም።»

ቲልደ ግድግዳውን ተደገፈች። «ልጄን ሲያማት አንቺን ነበር የምጠይቀው። ያልሽኝን ሁሉ አደርግላት ነበር።»

«ከምሳ በኋላ የምልሽ ሐኪም ዘንድ ደውዬ ስለምጠይቅ ነው። አንዴም ከራሴ አልነገርኩሽም።»

ቲልደ ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ተመልሳ ወደ አዳራሹ ገባች። ግሬተ ያለቀሰችው የብስክሌቷን ቁልፍ ስትፈታ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በኮሌጁ ባለ መስታወት አዳራሽ ለምርቃቱ ትናንሽ ባንዲራዎችና ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ከፈተናው ክፍል ደጃፍ፣ ጠረጴዛ ላይ አንድ ኬክ አለ። ማን እንዳስቀመጠው ያየ የለም። ጫፍ ጫፉ አሯል፣ መሐሉ ሰርጉዷል፤ በሕይወቷ ጋግራ የማታውቅ ሰው ሥራ ነው።

ፀጉሯን የተቆረጠች፣ ግራጫ ካፖርት የለበሰች ሴት ከመንገዱ ማዶ አውቶቡስ ትጠብቃለች። የእሷም የፈተና ሰዓት ዛሬ ነበር፤ ስሟ ሲጠራ የሚነሣ አልተገኘም።

ቲልደ ከክፍሉ ወጣች። እናቷ ባንዲራ እያውለበለበች ተጠመጠመችባት፣ ትንሿ ሊቭ እግሯን ያዘች። አልፋለች። ከዚያ ኬኩን አየችው። ቀና ብላ አዳራሹን፣ በሩን፣ መንገዱን ቃኘች። ሴትዮዋ ላይ ሲደርስ ዓይኗ አልቆመም፤ ወይም ሴትዮዋ እንዲህ ብላ ማሰብ መረጠች።

ቲልደ ቢላ አንሥታ ቆረሰች። ቀመሰችው፣ ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ሌላ ቁራሽ ቆርሳ፣ ጎንበስ ብላ ለሊቭ አጎረሰቻት።

አውቶቡሱ መጣ። ሴትዮዋ ገባች። ቀና ብሎ ያያት የለም።