ከድሬዳዋ የሰዓት ከሩብ በረራ

የሹፌሩ ጀማለዲን ሬሳ ዓርብ ማለዳ፣ ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ባሕር ዛፍ ሥር ተገኘ። ጭንቅላቱ በድንጋይ ተመቷል። ጊዜው 1973 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ሬሳ ያየ ሰው ፊቱን አዙሮ ይሄድ ነበር። የደን ጠባቂው ቱሉ ግን ተናገረ።

የፖሊሱ መርማሪ መቶ አለቃ ወርቅአየሁ ቱሉን አስከትሎ ሟቹ ቤት ሲደርስ፣ የቀበሌ ጥበቃዎች ሚስቱን ከይሪያን ሊወስዷት ክንዷን ይዘው ነበር። ትናንት አመሻሽ ከባሏ ስትጣላ ጎረቤት ሰምቷል፤ ለእነሱ ይህ ይበቃል። ቀበሌ እስር ቤት ገብቶ የወጣ ሰው ከይሪያ አታውቅም።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ቀበሌ ለዛሬ ጠርቶት ነበር። ተደበቅ አልኩት። እምቢ ብሎ፣ ሰው ይጠብቀኛል ብሎ ወጣ።»

«ቱሉ፣ አንተስ ማታ ምን ሰማህ?»

«ምንም፣ ጌታዬ። ብሰማም አልወጣም ነበር።»

ወርቅአየሁ አመነው። እሱም ቢሆን አይወጣም ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ የሟቹ ታናሽ ወንድም ከማለዲን በኮባ የተጠቀለለ ጫት ይዞ ገባ። መርዶውን ሲሰማ አለቀሰ።

«ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከድሬዳዋ፣ በአውሮፕላን። አንድ ሰዓት ተነስተን ሁለት ከሩብ ቦሌ ወረድን። ትኬቴ ይኸው።»

«ጫቱስ?»

«ለወንድሜ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቆራጮቹ እጅ ገዛሁት። ከድሬዳዋ ባዶ እጅ አይመጣም።»

መቶ አለቃው ትኬቱን አልነካም። ኮባውን ፈትቶ ቅጠሉን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ሁሉንም እቤት ሰበሰበ።

«በሰማይ ሦስት መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሰዓት ከሩብ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ የተቆረጠ ጫት ገና ጤዛው አይደርቅም። ይኼ ጠውልጎ ጠርዙ ጠቁሯል። ሁለት ቀን ሆኖታል። ያመጣው ባቡር ነው። ትናንት እዚሁ ነበርክ።»

«ትኬቱ ላይ ስሜ አለ እኮ።»

«ስምህ በሯል። ትኬቱን ቦሌ ላይ ከማን ተቀበልክ?»

«ከጓደኛዬ ከሁሴን፤ በስሜ የበረረው እሱ ነው» አለ ከማለዲን። «ወንድሜ ማክሰኞ ደውሎ ቀበሌ ጠራኝ አለኝ። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ወረቀት መበተኔን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይገርፉትና ስሜን ይሰጣቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

አንዱ ጥበቃ ግራ ተጋባ። «ጀማለዲንን? ጓድ መቶ አለቃ፣ እሱን የጠራነው መሠረተ ትምህርት ልንመዘግበው ነው።»

ከይሪያ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከማለዲን የገዛ አፉ ያወጣውን ያወቀው ያኔ ነው፤ የመቶ አለቃውን እጅጌ ጨመደደ።

«በግድያው ይሰሩኝ። እባክዎ፣ ለእነሱ አይስጡኝ።»

ጥበቃዎቹ የከይሪያን ክንድ ለቀው የእሱን ያዙ። ወርቅአየሁ እስረኛው የፖሊስ ነው ሊል ፈለገ፤ ፈራ፣ አላለም።