ጥለት የለበሰው መቃን

ገሰሰ ኦሎምፒያ አጠገብ፣ ቢሮው ባለበት ሕንፃ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ሚስቱ እልፍነሽ ግን እጇ በካቴና ታስሮ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣለች። የብረት በሩ ተቆልፏል።

ያስያዛት አንድ ምስል ነው። የደረጃው ካሜራ የቀረጸውን ብዥ ያለ ሰው የገሰሰ ባልደረባ ሐሩን ብዥታን በሚያጠራው ፕሮግራማቸው ሲያጠራው፣ በነጩ ልብስ ጠርዝ ላይ ጥለት ወጣ።

«የእሷ ነጠላ ነው» አለ ሐሩን። «እኔ ያን ቀን መብራት ሳይጠፋ ነው ወደ ሃያ ሁለት ሰፈር የሄድኩት።»

ኢንስፔክተር ፌናን ከምስሉ ዓይኗን አላነሳችም። «መብራት ሲጠፋ እዚህ ምን ይሆናል?»

«ጄነሬተሩ ይነሳል» አለ ከታች ፋርማሲ ያለው ካሊድ። «ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። ጠርሙሶቼ እስክስታ ይወርዳሉ!»

«ካሜራውስ?»

«እሱም አብሮ ይጨፍራላ።»

ፌናን ምስሉን ወደ ሁሉም አዞረች። «እስቲ የበሩን መቃን እዩት። እሱም ጥለት ለብሷል። መቃን ነጠላ ይለብሳል እንዴ?»

ጣቷን ምስሉ ላይ አሳረፈች።

«ፕሮግራሙ ምስል የሚያጠራው ብዥታው ምን ዓይነት እንደሆነ ሲነገረው ነው። ከተሳሳተ፣ በየጠርዙ የሌለ መስመር ይፈጥራል። ይህች ቀይ መብራት ነጥብ መሆን ሲገባት ቁልቁል ተስባ ክር ሆናለች። እውነተኛው ብዥታ ይህ ነው፤ የጄነሬተሩ መንቀጥቀጥ። ምስሉን በዚህ ሳጠራው ጥለቱ ጠፋ። የቀረው እጅጌው ረጅም ነጭ ጋዎን ነው።»

ካሊድ ክንዱን አነሳ። «የእኔ አጭር ነው፣ እህቴ!»

«አይቻለሁ። ሐሩን፣ ሌንስ ስትጠርግ የምትለብሰው፣ እዚያ የተሰቀለው ጋዎን ግን ረጅም ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ የጄነሬተሩን ብዥታ ማስተካከያ የሠራኸውም አንተ ነህ። ለምን ተውከው?»

«መብራት መጥፋቱን በምን ልወቅ? ወጥቼ ነበር እኮ!»

«‹መብራት ሳይጠፋ ሄድኩ› ያለኝ ማን ነው? ካወቅህ፣ ሆን ብለህ የተሳሳተውን መርጠሃል። ካላወቅህ፣ ያን ቃል ከየት አመጣኸው?»

ሐሩን የተቆለፈውን በር አየ። «‹ፕሮግራምህ የሌለ ነገር ያሳያል፤ ለፍርድ ቤት አንሰጥም› አለኝ ገሰሰ። የሦስት ዓመት ሥራዬን… ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

ፌናን የእልፍነሽን ካቴና ፈትታ በሩን ከፈተች። «እትዬ እልፍነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ መኪናው ታች ነው።»

እልፍነሽ ነጠላዋን አንስታ ገለበጠችው፤ እንደ ሐዘንተኛ ጥለቱን ወደ አንገቷ አድርጋ ወጣች።