ሦስተኛው ጌጅ

«ቆይ» አሉ አያቷ።

ብሎን የመሰርሰሪያውን ጫፍ ከእንጨቱ ላይ አነሳች። «አሁንም ቆይ?»

«ይህን እንጨት በእጄ ነው ያለሰለስኩት። እናትሽ ገና ሳትወለድ።»

«አውቃለሁ አባባ። ሲነግሩኝ ነው ያደግሁት።»

ብሎን ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ አጭር ስለሆነችና አንዴ የያዘችውን ነገር ስለማትለቅ። አሁን አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ በእውነተኛ ስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ጎን ለጎን የተቀመጡባት መኪና ደግሞ ከእናቷም በዕድሜ ትበልጣለች። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ ቀይ ቀለሟ በፀሐይ የገረጣ የድሮ ስፖርት መኪና ናት። ከእንጨት በተሠራው ዳሽቦርዷ ላይ ያሉት ክብ ጌጆች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ፍጥነት፣ አንዱ ነዳጅ ያሳያል። ብሎን ሦስተኛ ልትጨምር ነው፤ የዘይት ግፊት የሚያሳይ።

«ከታች፣ ጉልበቴ አጠገብ ብናስረውስ? እንጨቱ ሳይበሳ?»

«እዚያ ከሆነ የሚያየው ጉልበትዎ ነው።»

አያቷ ሳይወዱ ሳቁ። እጃቸውን ከዳሽቦርዱ ላይ አንስተው «በይ ብሺው» አሉ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ወር ነው። ብሎን ወጥ ቤት ዕቃ ስታጥብ ከጋራዡ የመኪናዋ ድምፅ መጣ፤ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ጠጠር የሚያናውጡ ይመስል ነበር። እጇን እንኳ ሳትጠርግ ሮጣ ወጣች። አያቷ ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ፊት ቆመዋል፤ ፈገግ ብለዋል።

«ትሰሚያታለሽ?» አሏት። «እንደ ሰዓት ነው የምትሠራው።»

ብሎን ቁልፉን አዙራ ሞተሩን አጠፋችው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ ስትመዘው ደርቆ ወጣ፤ ዘይቱ አልቋል።

አያቷ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ መካኒክ ነበሩ። አውቶቡሱ ገና ከበር ሲገባ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ በሽታውን በድምፁ ይለዩት ነበር ይባላል። ያን ቀን ግን የደረቀውን ዘንግ ከእጇ ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው «ይህ ነገር እናትሽ ጆሮ እንዳይገባ» አሏት።

«የእርስዎም ጆሮ አልገባም እኮ» አለች ብሎን፤ ወዲያው ቆጫት።

እናቷ ብዙ ጊዜ ጆሮአቸውን ለሐኪም እንዲያሳዩ ለምናቸዋለች። እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለዋል። ቴሌቪዥኑ እስከ ጎረቤት ሲሰማ እንኳ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነበር። እናቷ በመጨረሻ «እንዲህ ከሆነ መሪ እንዲይዙ አልፈቅድም» ስትል ብሎንም ሰምታለች። መኪናዋን ከተቀሙ ምን እንደሚቀራቸው ስለምታውቅ፣ ስለ ሞተሩ ላትናገር ቃል ገባች። ሌላ መላም አገኘች፤ ጆሮ ያልሰማውን ዓይን ይየው።

አሁን መሰርሰሪያው እንጨቱን በልቶ ወጣ። ብሎን የቀዳዳውን አፍ በሞረድ አስተካከለች፤ አያቷ ደግሞ የዘይቱን ግፊት የምታመጣውን ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ወደ ውስጥ አሳልፈው ከጌጁ ጀርባ አሰሯት። እጃቸው አልተሳሳተም። ጣታቸው ራሱ የማሰሪያው ክር መግጠሙን ያውቅ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የጌጁ መርፌ ተንቀጥቅጣ ወጣችና መሐል ላይ ቆመች።

«አሪፍ ነው» አለች ብሎን።

«አሪፍ ብቻ?» አያቷ መርፌዋን እንደ ሕፃን ልጅ ያዩዋት ነበር። «በይ ግቢ፣ እንሞክራት።»

ከሰፈራቸው ወጥተው ከታች ባሉት መጋዘኖች በኩል ወረዱ። መንገዱ ባዶ ነበር። አያቷ ማርሽ በለወጡ ቁጥር ዓይናቸውን ወደ ጌጁ ይወረውራሉ፤ መርፌዋ አልወረደችም። የመንገዶቹ መጋጠሚያ ጋ ሲደርሱም ያንኑ እያዩ ነበር።

ክላክሱን ብሎን ሰማችው። ረጅምና ወፍራም ነው፤ ይደጋገማል፤ ይቀርባል። ከመጋዘኑ ግንብ ጀርባ ስለሆነ የሚነፋው መኪና አይታይም። አያቷ እግራቸውን ከነዳጅ መርገጫው ላይ አላነሱም።

«አባባ ፍሬን» ብላ ክንዳቸውን ጨመቀች።

ረገጡት። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቆመች። የጭነት መኪና ከፊታቸው እንደ ግድግዳ አለፈ፤ ሾፌሩ በመስኮት የሆነ ነገር እየተናገረ ሄደ። ከኋላው የቀረው አቧራ ብቻ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አሉ አያቷ። ፍሬን ያለችው ስለ ጌጁ መስሏቸው፣ የጭነት መኪናው ሲያልፍ እንኳ ዓይናቸው ጌጁ ላይ ነበር። «መርፌዋ እኮ ቦታዋ ላይ ናት።»

ብሎን የጭነት መኪናው ወዳለፈበት አቧራ ጠቆመች። «ክላክስ ነፍቶ ነበር።»

«መቼ?»

«ከሩቅ ጀምሮ። እየደጋገመ።»

አያቷ ዓይናቸውን ከጌጁ ላይ አነሱ። «ከየት በኩል?»

«ከግራ። ከእርስዎ በኩል።»

መኪናዋን ወደ ዳር አወጧት።

«ቀስ ብዬ እነዳለሁ» አሉ። «አንቺ የሰማሽውን ትነግሪኛለሽ። ቤት ቅርብ ነው።»

«እኔ ትምህርት ቤት ስሆንስ?»

ብሎን ስልኳን አወጣች።

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው የተቆጣ አይመስልም።

«ቃል የገባሁት ስለ ሞተሩ ነው።»

አያቷ አዩዋት። ከዚያ ቁልፉን አዙረው አጠፉ። መርፌዋ ዝቅ ብላ ዜሮ ላይ ስታርፍ አብረው ተመለከቱ።

እናቷ ወዲያው አነሳች። «እማዬ፣ ደህና ነን» አለች ብሎን። «መጋዘኖቹ ጋ ነን። ነይና መኪናዋን አንቺ ንጂላቸው፤ እኔ በእግሬ እመጣለሁ።»

እናቷ ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ብሎን ስልኩን ወደ አያቷ ዘረጋችው። እሳቸው እጃቸውን ሰደዱ፤ ሊቀበሉት ሲሉ ግን ሰበሰቡት።

«አንቺ ንገሪያት» አሉ። «እኔ የምትለውን አልሰማም።»

ብሎን «አልሰማም» ሲሉ ሰምታቸው አታውቅም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ መለሰች። ፊቷን ወደ እሳቸው አዞረች፤ የምትናገረውን ከከንፈሯ ማየት እንዲችሉ። ከዚያ ሳትቸኩል፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየች መናገር ጀመረች።