ቀድሞ የደከመው እግር

ሳያት ኩራተኛ ናት። ኮልፌ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ እሷም አትደብቀውም። ሐኪሙ አባቷን አቶ ዳኛቸውን «በዕድሜ የሚመጣ የመርሳት በሽታ ነው፤ መድኃኒት የለውም» ብሎ ሲያሰናብታቸው እንኳ እንባዋን ዋጥ አድርጋ፣ ክንዳቸውን ይዛ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ነው የወጣችው።

በሳምንቱ የአባቷን ጫማ ይዛ ገበያው ዳር ወዳለው የጌድዮን ጫማ መጠገኛ ሄደች። ጌድዮን ጫማውን ገልብጦ ሶሉን መረመረ። ቀና ብሎ አያት፤ እንደገና ወደ ጫማው ተመለሰ።

«ሶል መቀየር አትችልም እንዴ?» አለችው።

«እችላለሁ። ግን ባለቤቱ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱት። አፍንጫው አልቋል፤ ተረከዙ ግን ምንም አልሆነም።»

«የአባቴ ነው። የመርሳት ሕመም አለባቸው።»

«የድሮ ጫማ አላቸው? መርሳት ሳይጀምሩ በፊት ያደረጉት?»

በማግስቱ አመጣችለት። እሱም አፍንጫው አልቋል።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ ጌድዮን ቀስ ብሎ። «ግን እግራቸው ነው የቀደመው። ይህን ለሐኪሙ ነግረሻል?»

ሳያት ፊቷ ጠቆረ። መቼ ነገረችና! እንዲያውም ሲጎተቱ እንዳይታዩ ክንዳቸውን ይዛ ያስገባቻቸው እሷው ናት። ሽንት እንደሚያመልጣቸውም ደብቃለች፤ የአባት ገመና ነዋ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የእሷ ኩራት ደግሞ የአባቷን በሽታ ደበቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። ሳያት ይህን ቃል ለሰው ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ጌድዮን የወደዳት ያን ጊዜ ነው።

የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ እስኪደርስ፣ ምርመራው እስኪያልቅ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አቶ ዳኛቸውን በግራና በቀኝ ይዘው ሲቆሙ ፍቅራቸው በረታ። ጌድዮን ሽማግሌ ልላክ አለ። አጎቷ ዮኤልም «ወንድሜ እንደሆኑ ራሳቸውን አያውቁም፤ እኔ እሰጥሻለሁ» አሏት።

«አባቴ እያሉ ማንም አይሰጠኝም» አለች ሳያት። «በገዛ አፋቸው ካልሆነ ይቅርብኝ።»

ጌድዮን ከፋው፤ ግን ኮራባት።

አዲሷ ሐኪም ሁሉንም ሰማች፦ እግሩን፣ ሽንቱን፣ በመጨረሻም መርሳቱን። ጭንቅላታቸውን በኤም አር አይ አስመርምራ «አንጎላቸው ውስጥ ፈሳሽ ተጠራቅሟል» አለች። «ይህ ሕመም ብዙ ጊዜ ከተለመደው የመርሳት በሽታ ጋር ይምታታል። ሁሉም ሰው አይሻለውም፤ ግን እንሞክር።» ከጀርባቸው በመርፌ ጥቂት ፈሳሽ ሲወጣላቸው አቶ ዳኛቸው በዚያው ቀን ኮሪደሩን ያለ ደጋፊ ተራመዱት። ከዚያ ቀዶ ሕክምና ተደርጎ ፈሳሹን ከጭንቅላታቸው ወደ ሆዳቸው የሚያወርድ ቀጭን ቱቦ ገባላቸው።

ከአራት ወር በኋላ የጌድዮን ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ዳኛቸው ብቻቸውን እስከ በር ሄደው ተቀበሏቸው፤ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አዳምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቤተሰብ እንመክርበታለን። በሁለት ሳምንት ተመለሱ።»

ዮኤል ደንግጠው ጠጋ አሏቸው። «ጋሼ፣ ረሱት እንዴ? ዛሬ እሺ ሊሉ ተስማምተን ነበር እኮ።»

«አልረሳሁም» አሉ አቶ ዳኛቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ። «በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚባልባት ልጅ አልወለድኩም።»

ሳያት ከጓዳ ሰማች። አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች፤ ከዚያም ለጌድዮን ደወለች።

«አባዬ መለሱህ፤ በገዛ አፋቸው!» አለችው፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም።



«እሰይ» አላት ጌድዮን። «እንኳን መለሱኝ።»