ጭልፊት አፉ ኤሊ

«አቦ፣ ይሄ እኮ እግር አይደለም፤ መቅዘፊያ ነው!» አለች ኑኃሚን፣ ስልኳን እንደያዘች ኤሊው አጠገብ ተንበርክካ።

ሂቦ የክፍል ጓደኛዋን ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጋላ ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ይዛት የመጣችው ለዚሁ ነበር። አጎቷ ኻሊፍ ትናንት ከጅቡቲ በከባድ መኪናው ሲመለስ ኤሊውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ አመጣላት። «አንደኛ ለወጣሽበት» ብሏት ወደ አዲስ አበባ ጉዞውን ቀጠለ። የጅቡቲ ዓሣ አጥማጆች አሸዋ ላይ አስቀምጠው ስለሸጡለት አሸዋ ኗሪ መስሎታል። እሱ ባለው መሠረት የሰፈሩ ልጆች ከደረቁ ወንዝ አሸዋ እያጋዙ ግቢው ውስጥ ከመሩለት፤ ጎመንም አቀረቡለት። ኤሊው ግን ከትናንት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ኻሊፍ ደግ ሰው ነው፤ ጉድ ያፈላውም ደግነቱ ነው።

ኑኃሚን ከስልኳ እያነበበች ትጠይቃለች፤ ሂቦ እያየች ትመልሳለች።

«የጀርባው ቅርፊትስ?»

«እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ተደራርቧል። ከኋላ ጠርዙ መጋዝ ነው።»

«በዓይኖቹ መካከል ያሉት ቅርፊቶችስ?»

«ሁለት ጥንድ።»

«አፉስ?»

ሂቦ ጎንበስ አለች። አፉ ሹል ነው፤ ጫፉ እንደ ጭልፊት ወደ ታች ተቆልምሟል።

«በቃ እሱ ነው። የባሕር ኤሊ ነው፤ ዘሩም እያለቀ ነው ይላል» አለች ኑኃሚን፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ትልቁን ሳፋ ውኃ ሞልተው አስገቡት። መቅዘፊያዎቹ ሳፋውን እየመቱ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን አዘነበለ። ሂቦ ወደ ጎረቤታቸው ሾፌር ወደ ዒሴ ሮጠች። ነገ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ኤሊውን ወደ ባሕሩ እንዲመልስላት ለመነችው።

«ወላሂ አልችልም። ኬላ ላይ ቢይዙኝ መኪናዬን ማን ያስለቅቅልኛል?» አላት።

የምታደርገው ጠፋት። ድሬዳዋ ከባሕር ይልቅ ለበረሃ ትቀርባለች። ሳፋው አጠገብ ተቀምጣ በእፍኟ ጀርባው ላይ ውኃ ታፈስለት ጀመር፤ እንደማይጠቅመው እያወቀች።

የእናቷ ስልክ ጮኸ። ኻሊፍ ነው፤ እናቷ ስልኩን ለሂቦ ሰጠቻት።

«ሂቦ! ወደድሽው? በሚቀጥለው ጉዞ ጓደኛ አመጣለታለሁ!» ሳቁ ከስልኩ አልፎ ግቢው ውስጥ ተሰማ።

እናቷ ሁዶ «አመሰግናለሁ በይው» እያለች በዓይኗ ትጎተጉታታለች። የወንድሟ ስጦታ እንዲነቀፍ አትፈልግም። ሂቦም ብትሆን አጎቷን ማሳዘን አልፈለገችም፤ ትወደዋለች።

«አብቲ፣» አለችው አጎቷን፣ «ሌላ እንዳታመጣ። ይሄኛው እየሞተ ነው።»